በሃምሳ ሄርዝ ስትራመድ

ገመቹ፣ የልጄ አባት፣

አካም ጅርታ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ ለማይሰጥ ሰው ሰላምታ አላበዛም። ከተለየኸን ዓመት አለፈ። በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ስለ አንተ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ለአንተ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለተናደድኩብህ ነው።

ሱቃችን ያው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። ቴሌቪዥን አሁንም ይሸጣል። አንተ ሰው ቤት እየሄድክ ትሠራው የነበረውን ገጠማ ተምሬ እኔው እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ደንበኞች “ሴትዮዋ ደግሞ ምን ታውቃለች?” ይሉ ነበር፤ አሁን በአክብሮት “አዴ፣ አንቺ ካልመጣሽ አናስነካም” ይላሉ። ልጃችን ሌንሳ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ግንባሩ ቁርጥ አንተን ነው።

ለሙት ዓመትህ እህትህ ጫልቱ ከቢላ ከተማ መጣች። ከጸሎቱ በኋላ ዘመድ ሁሉ ሳሎን እንደተቀመጠ፣ አንተን ለማየት የሌንሳ ሠርግ ቪዲዮ ይከፈትልን አሉ። ከፈትኩላቸው። ልጅህን መርቀህ ከበሩ እስከ መኪናው ስትሸኛት እርምጃህ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ትሄድና ትገታለህ፣ ትገታና ትዘላለህ። ጫልቱ ደረቷን መታች። “አያችሁ? ያኔም ታሞ ነበር! ወንድሜ በቁሙ እየተንቀጠቀጠ እሷ ቴሌቪዥን ታሸክመው ነበር!” አለች። ሌንሳ እንኳ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

አላለቀስኩም፤ አልተሳደብኩምም። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ “ዕቃው ተበላሸ” ብሎ የሚመጣበት ነው። ቪዲዮው የተቀረጸው በሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ምስሉን እንዲያድስ ተደርጓል። ስልሳ ለሃያ አምስት እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ምስል ሁለቴ፣ ሌላው ሦስቴ ይታያል፤ ደህናው ሰው የሚያነክስ ይመስላል። ስልሳ ላይ ያደረግከው አንተው ነህ። ሰው ትልቅ ቁጥር ካላየ አይገዛም እያልክ ከሱቃችን የሚወጣውን ሁሉ እንደዚያ ታደርግ ነበር። የራሳችንንም ቤት እንደ ደንበኛ ቤት ገጠምከው።

“ቆዩ” ብዬ ሪሞቱን አነሳሁ። የማጫወቻውን ቅንብር ከፍቼ ቪዲዮው ሃያ አምስት መሆኑን አረጋገጥኩና ስክሪኑን ወደ ሃምሳ ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ ሃምሳ ጊዜ፣ አወረድኩት፤ እያንዳንዱ ምስል እኩል ሁለቴ እንዲታይ። ቴሌቪዥኑ በሁለት ምስሎች መሃል ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ምስል የሚያስገባበትን ማለስለሻም አጠፋሁ። ያልተራመድከውን እርምጃ ሰው እንዲያይልህ አልፈለግኩም። ከዚያ ጫልቱን “እስቲ አሁን እዪ” አልኳት።

መንቀጥቀጡ ጠፋ። እንደ ልማድህ ረጋ ብለህ፣ ረዘም አድርገህ ተራመድክ። ልክ ነበርኩ፤ ደስታዬ ግን መኪናው ጋ እስክትደርስ እንኳ አልቆየም። ቀድሞ ዓይናችን ሁሉ መንቀጥቀጡ ላይ ነበር፤ ምስሉ ሲረጋ የቀኝ እጅህ ታየኝ። ከኮትህ ሥር ጎንህን ጭምቅ አድርገህ ይዘሃል። መኪናው አጠገብ ጫልቱ ክንዷን ሰጠችህ፤ ሳትጠይቃት፣ እንደለመደችው። ተደገፍክባት፤ ሳቅህ ግን ከፊትህ አልወረደም። እኔ ከኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ እንግዳ አስቀምጣለሁ።

ዞሬ ጫልቱን አየኋት። ድምፅዋ ከቅድሙ ሌላ ነበር። “አስምሎኝ ነው። ‹ለሷ አትንገሪያት፣ ሱቁን ዘግታ ለሕክምና አዲስ አበባ ትወስደኛለች፣ የልጄ ሠርግ ይበላሻል› አለኝ” አለች። ብቻዋን የተሸከመችውን እኔ ላይ ማራገፍ ቀሏት ነበር። በሷ አልፈርድም። የምፈርደው በአንተ ነው።

አዎ፣ ሱቁን እዘጋው ነበር። ሠርጉንም አስተላልፈው ነበር። አንተም ይህን ስለምታውቅ ነው የደበቅከኝ። ዋጋ ሳልከራከር ዕቃ ገዝቼ አላውቅም፤ ከሞት ጋር እንድከራከር ግን አልፈቀድክልኝም። ብሸነፍም ተከራክሬ እሸነፍ ነበር። አንተ ሐዘኑን ብቻ ተውክልኝ፤ ትግሉን ለእህትህ ሰጥተህ።

ዘመዶች ሲሄዱ ሌንሳ “እማ፣ ወደ ስልሳው መልሽው፤ እጁን ማየት አልችልም” ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። በሃምሳው ይቆያል። ልጇ አድጎ አያቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር ሲለኝ፣ ጎኑን ይዞ እየሳቀ ልጁን የዳረ ሰው ነበር እለዋለሁ፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም እለዋለሁ። ሁለቱንም እንደ ነበሩ እነግረዋለሁ።

አልረሳህም፤ በዚህ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ይቅርታዬን ግን አትጠብቅ፤ እሱ ገና ነው።