የምሕረት አንድ ሦስተኛ

ሚያዝያ 24፣ ጧት 2፡30

መብራት አለ፤ ኔትወርክ የለም። ጸሎቱን የርቀት ትምህርታችን አስተባባሪ ታምራት መራ። እኔ እንደ ልማዴ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። በፕሮቴስታንቶቹ ቤ/ክ አዳራሽ ጓዳ፦ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ኦርቶዶክስ ጡረተኛ። ከቦንጋ ርቃ ባለችው ደካ ጣቢያ የ8ኛ ክፍል ልጆቼ ስክሪን ከበው ይጠብቁኛል።

3፡10 ላይ ተገናኘን። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። የዛሬው ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ። መልሱ አንድ ሦስተኛ። ሦስት ልጆች 0.33 ብለው ላኩ። የሞባይል ካልኩሌተር እንደነኩ ቦንጋ ሆኜ አየሁ። ሰረዝኩ። 0.33ን በሦስት አባዙት፣ አንድ ይሞላል? አይሞላም። የጎደለው ትንሽ ነው ብሎ ሞላ ማለት ውሸት ነው አልኳቸው። ምሕረት ብቻ ከነእርምጃው ሠርታ ፎቶውን ላከች። 1/3። መስመሮቿ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እታገኝ፣ ከግድግዳ ጋር ሲጮህ የዋለ ሰው ምሳ ይገባዋል አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ስጮህ እንዲህ አላለችም።

ሚያዝያ 28

የእነ ታምራት ዋና ቢሮ ከአ.አ ጻፈ። ከየጣቢያው አንደኛ የወጣ አንድ ልጅ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው አዳሪ ት/ቤታቸው ከዘጠነኛ ጀምሮ በነፃ ይማራል። ሁለት ፈተና፤ ድምሩ ይወስናል። ፈታኙም አራሚውም ማሽን።

ደካ ላይ ክፍሉን የምትጠብቀው አልማዝ እንደነገረችኝ፣ የምሕረት እናት ቁርጡን ተናግራለች። ቦታውን ካገኘች ትማር፤ ካላገኘች ሺሺንዳ ከተማ አክስቷ ሱቅ ሥራ ትገባለች። ልጅቷ ይህን እያወቀች ነው ማስመሪያ የምትይዘው።

ግንቦት 5፣ ከሰዓት 9 ሰ.

የመጀመሪያው ውጤት። ምሕረት አሥራ ሦስት ከሃያ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። አሥራ ሦስት።

አልማዝ፣ ምሕረት የሠራችበትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ አረምኩ። ሃያ ከሃያ። ማሽኑ የሰረዘባት ሰባቱም መልሳቸው ክፍልፋይ ነው። 1/3 አለች፤ እሱ የሚያውቀው 0.33 ነው። 5/6 አለች፤ እሱ 0.83። በአስርዮሽ መልሱ የሚል ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። ተመልሼ ፈለግሁ። የለም።

አንደኛ የወጣው ያሬድ ነው፣ 0.33 ከላኩት አንዱ፤ አሥራ ስምንት። በካልኩሌተር።

ደብተሬ፣ ልጅቷን የጣላት የእኔ ትምህርት ነው። ያልሰማኝ አለፈ።

ግንቦት 6

ታምራት ትሑት ወጣት ነው፤ ከጋሼ በቀር ጠርቶኝ አያውቅም። ሲስተሙ ውጭ አገር የተሠራ ነው፣ መልሱ ተቆልፏል፣ እኛ አንነካውም አለ። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አላልኩም። ማሽን እንዴት እንደሚያርም ሳታውቁ ልጅ ትፈትናላችሁ ወይ አልኩት።

መሬት መሬት እያየ አስታወሰኝ። መስከረም ላይ ለመምህራን የሙከራ ፈተና ተልኮ ነበር። አንድ ሰዓት ቢቀመጡ ይበቃል ብሎ ለምኖኝ ነበር። ማሽን ሲያርም ቁጭ ብዬ ማየት ሥራዬ አይደለም አልኩት።

ብያለሁ። ቃል በቃል። ተናደድኩበት፤ እውነቱን ስለተናገረ።

ለዋናው ቢሮ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰባቱም መልሶች ከነማረጋገጫቸው።

ግንቦት 10

መልስ መጣ። እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ ለትጋትዎ እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎን ለሚቀጥለው ዓመት እንደ ግብዓት እንወስደዋለን። ግብዓት! መንግሥት ት/ቤት ሳለሁም፣ ግምገማ በተባለ ቁጥር ያቀረብኩት ሁሉ ግብዓት ነበር። እዚያ በመፈክር፣ እዚህ በበረከት። ለምሕረት የሚቀጥለው ዓመት ሱቅ ነው።

ግንቦት 12፣ ምሽት 12 ሰ.

ከነገ ወዲያ ሁለተኛው ፈተና። ቀኑን ሙሉ ዝናብ፤ እኔም ከበር እስከ መስኮት ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻ አልማዝ ጋ ደወልኩ፤ ልጅቷን አቀረበችልኝ። ክፍልፋይ አትጻፊ፣ አካፍለሽ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፊ አልኳት።

"ልክ አይደለም ብለው ሰርዘው የለም እንዴ፣ ጋሼ?"

ለማሽኑ ነው አልኳት።

"እሺ። ከፈተናው በኋላስ የቱን ልጻፍ?"

በርቺ ብዬ ዘጋሁ። የጠየቀችው ይህን አልነበረም።

ግንቦት 15

ምሕረት ሃያ። ያሬድ አሥራ ሰባት። ድምር፦ እሷ 33፣ እሱ 35። በእኔ እርማት እሷ አርባ ከአርባ።

ታምራት ቅጽ ይዞ መጣ። ከስሜ በላይ የተጻፈው፦ ውጤቱን አርሜ ትክክለኛነቱን አረጋግጫለሁ። ያረመው ማሽን ነው፤ ትክክልም አይደለም። አልፈርምም አልኩ። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ቦታው ለቢታ ገነት ጣቢያ ይተላለፋል አለ። ይተላለፍ አልኩ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ግንቦት 17

የያሬድ አባት ደወለ። ቦንጋ ያስተማርኩት ልጅ ነበር፤ አሁን ደካ ግብርና ጽ/ቤት ባለሙያ ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ እታገኝ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የእኛን ወረቀት ሲያርሙ የማንንም ፊት አያዩም ነበር። አሁን የእኔ ልጅ ምን አጠፋ፣ ጋሼ?"

ምንም። ካልኩሌተር የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ፈተናው አልከለከለም። ልጁ የተጠየቀውን መለሰ። እንዲህ ማለት ነበረብኝ፤ አስብበታለሁ ብቻ አልኩት።

ለእታገኝ ነገርኳት። ሽንኩርቷን መላጥ ሳታቋርጥ፣ ባትፈርም ቦታው ለምሕረት ይሆናል ወይ አለች። አይሆንም አልኳት።

"ታዲያ የማንን ንጽሕና ነው የምትጠብቀው?"

ተነስቼ ወጣሁ። ዝናቡ መለሰኝ።

ግንቦት 18፣ ዓርብ

ፈረምኩ። ያላረምኩትን አረምኩ ብዬ ስፈርም በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ታምራት ተባረኩ አለኝ። የጆሮ ማዳመጫውን ጠቅልዬ ሰጠሁት። ለክረምቱ ነው ወይ አለ። ለሁልጊዜ አልኩት።

የምሕረት አክስት እሁድ ልትወስዳት ትመጣለች። ነገ ጧት 12 ሰ. ወደ ደካ የሚወጣ መኪና አለ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወገቤም ደህና አይደለም፤ እሄዳለሁ። በስልክ አይሆንም። እናቷ ባለችበት ለምሕረት ሁለት ነገር እነግራታለሁ። አንደኛ፣ ያረምኩት ወረቀት ይኸው፣ ሃያ ከሃያ ነሽ። ሁለተኛ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚያርም ከመስከረም ጀምሮ ማየት እችል ነበር፤ ንቄ አላየሁም።

አይ። ቅደም ተከተሉ ልክ አይደለም። ውጤቷን ካስቀደምኩ ደስ ይላትና ወዲያው ይቅር ትለኛለች። ጥፋቴ ይቅደም።