የእናትሽ መኪና የት አገር ተሠራች

ልጄ፣ ያለሽበትን ቤት እግዚአብሔር በሰላም ይሙላልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ አጎትሽ ነው። የእናትሽ መኪና ሞተሯ ግሎ መንገድ ላይ ብትቆም፣ «እሷ የተሠራችበት አገር መኪና ድሮም ዕቃ አይደለም፤ ትሸጥ» እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ራዲያተሩ ባዶ ነው። ውሃዋን ማን ነው የሚያየው?» አለኝ። ለካ በየጠዋቱ ጸሎቷን አድርሳ የምታየው፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናትሽ ነበረች። አጎትሽ ግን አሁንም፣ «የደህና አገር መኪና ቢሆን ያለ ውሃም ይሄድ ነበር» ይላል። ምን ልበለው? አሁን እኔ ከጸሎት ስነሳ ውሃዋን አያለሁ። ደውሎ ትሸጥ ቢልሽ እሺ እንዳትዪው። አንቺንስ እዚያ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ የሚልሽ ሰው አለ? እሱን ጻፊልኝ። የእናትሽ አምላክ አይለይሽ።

አባትሽ