«የደብረ ወርቅ መታጠፊያ»ን ሃያ ስድስት ዓመት ላሰሙን ሾፌር ለአቶ የኔሰው ፈረደ የወጣ የሀዘን መግለጫ

ከሱሃ ባንድ ያልታተሙ ሙዚቃዎች ወዳጆች ማኅበር
ቢቸና እና ሞጣ
ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

የማኅበራችን የክብር አባል፣ የቢቸና–ሞጣ መስመር ነባር ሾፌር አቶ የኔሰው ፈረደ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ ቤተሰቦቻቸው፣ የሙያ አጋሮቻቸውና ከሁለቱም ከተሞች የመጡ ተሳፋሪዎቻቸው በተገኙበት በቢቸና ከተማ ተፈጽሟል። ማኅበሩ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል። ከሀዘኑ ጋር አንድ የራሱ ጥፋትም ስላለበት፣ ይህ መግለጫ ከተለመደው ትንሽ ይረዝማል።

አቶ የኔሰው በ1951 ዓ.ም. በቢቸና አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በመሪ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በጭነት መኪና፣ በኋላም በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ። የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት አይችሉም ነበር። ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ የሚል ሰውም እስካሁን አልቀረበም። ሆኖም ሱሃ ባንድን የሚያውቅ ሁሉ ያወቀው በእርሳቸው በኩል ነው።

ለማያውቁ አንባቢያን፦ ሱሃ ባንድ ከ1976 እስከ 1983 ዓ.ም. በቢቸናና በሞጣ አዳራሾች ይጫወት የነበረ፣ ሮክን ከአገራችን ዜማ ጋር ያዋሐደ ባንድ ነው። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኦርጋንና ድራም ነበረው። በይፋ የታተመ አንድም ሥራ የለውም። ያለው ሁሉ በአንድ ካሴት ላይ በጥር ወር 1983 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ የተቀዱ ዐሥር ዘፈኖች ናቸው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የተጻፈው «ልምምድ» ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ ርዕስ አልወጣላቸውም።

በዚያው ዓመት የባንዱ አባላት ካሴቱን ለአቶ የኔሰው ሰጥተው አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ሙዚቃ ቤት እንዲያደርሱላቸው ጠየቁ። አቶ የኔሰው እህል ጭነው በሄዱበት ጉዞ አደረሱ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ከሁለት ዘፈን በላይ አላዳመጡም፤ «ጊታሩ ጆሮ ይበሳል» ብለው መለሱላቸው። ሾፌሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባንዱ ተበትኖ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሰንበትም በቀጣዩ ዓመት በሕመም ዐረፈ። ካሴቱ የሚመለስለት ሰው አጥቶ በአቶ የኔሰው እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አውሱን ለሚል ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ላሳትመው ተሰጥቶኝ ያላሳተምሁት አደራ ነው፤ ከእጄ አይወጣም።»

በ1988 ዓ.ም. በቢቸና–ሞጣ መስመር የአውቶቡስ ሾፌር ሆኑ። ሙዚቃ ቤት እምቢ ያለውን ሥራ በራሳቸው መንገድ ማሳተም የጀመሩትም ያኔ ነው። ዘወትር ጠዋት ከቢቸና መናኸሪያ ሲወጡ የካሴቱን ሀ ገጽ ይከፍታሉ፤ ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ያልቃል። ከግንደወይን እስከ ሞጣ ለ ገጽ ይሰማል። በመልስ ጉዞ ካሴት የለም፤ ተሳፋሪው ደክሞታል፣ እርሳቸውም ዜና ይሰማሉ። በዐቢይ ጾም ካሴቱ ከመሳቢያው አይወጣም። ነጠላዋን ለሀዘን ያዘቀዘቀች ሴት ከተሳፈረችም የዚያን ቀን ጉዞ ያለ ሙዚቃ ነው። ጎማ ሲተነፍስ ዘፈኑ መንገዱን እንዳይቀድም ቴፑን ያቆማሉ። «ለዘፈን ብለው አዘገዩን» የሚል አቤቱታ ሁለት ጊዜ ለመናኸሪያው ኃላፊ ቀርቦባቸዋል፤ ሁለቱም ጊዜ እውነት ነበር። ተሽከርካሪ ሦስት ጊዜ ሲለወጥላቸው ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ቴፕ ከአሮጌው ነቅለው አዲሱ ላይ ገጥመዋል።

ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ዘፈን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይውል ነበር። ርዕስ ያላገኙት ዘፈኖች በሕዝብ አፍ በየቦታው ስም ተጠሩ፦ «የመናኸሪያው»፣ «የባሕር ዛፉ»፣ «የግንደወይን ቁልቁለት»፣ «የሞጣ መግቢያ»። የሀ ገጽ መጨረሻ የሆነው፣ ሁላችንም አብልጠን የምንወደው ዘፈን ደግሞ «የደብረ ወርቅ መታጠፊያ» ተባለ።

ማኅበራችን በ2004 ዓ.ም. ሲመሠረት ካሴቱን ለማግኘት ሞክሮ የታወቀውን መልስ አገኘ። ስለዚህ አባላት አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው በስልካቸው መቅዳት ጀመሩ። በእጃችን ያሉት ሠላሳ አንድ ቅጂዎች በሙሉ እንዲህ የተገኙ ናቸው። የመኪና ጥሩምባ፣ ሳል፣ የሕፃን ለቅሶ አለባቸው። በአንደኛው ቅጂ አንዲት ዶሮ ከጊታሩ ጋር እኩል ትጮኻለች፤ ይህን ቅጂ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱ አባላት ጥቂት አይደሉም።

በሁሉም ቅጂዎች «የደብረ ወርቅ መታጠፊያ» መሐል ላይ ዝምታ አለ። ጊታሩ እየጋለ መጥቶ ጸጥ ይላል፤ ቆይቶም ይመለሳል። ይህ ዝምታ ማኅበራችንን እጅግ ማረከው። በ2008 ዓ.ም. ባሳተምነው ቡክሌት ላይ ዐሥራ አንድ ገጽ ስለ ዝምታው ትርጉም ጽፈናል። የቢቸና ቅርንጫፍ ዝምታው አርባ ሴኮንድ ነው ሲል፣ የሞጣ ቅርንጫፍ ኀምሳ አምስት ነው ብሎ ለሁለት ዓመት ተከራከረ። በመጨረሻ በስምምነት አርባ ሰባት ሆነ። ቢቸናዎች የቀዱት በበጋ፣ ሞጣዎች የቀዱት በክረምት እንደነበረና ልዩነቱ የጭቃ መሆኑን ያኔ ያስተዋለ አልነበረም።

እውነቱ አጭር ነው። አቶ የኔሰው መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ደብሩ ይታያል። ማንኛውም የአገራችን ሾፌር እንደሚያደርገው ድምፁን እስከ መጨረሻው ይቀንሱና ያማትባሉ። ተሳፋሪውም ያማትባል። ደብሩን ሲያልፉ ድምፁን ይመልሳሉ። ሁላችንም እያማተብን ሳለ ካሴቱ መሄዱን አላቆመም ነበር። ይህን ሳናስተውል ዐሥር ዓመት የቆየነው እኛው ነን።

ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የማኅበሩ ዐሥረኛ ዓመት በሞጣ ተከበረ። በሞጣ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩት ወ/ሮ ሸዋነሽ ወልደ ሰንበት የሟቹ ጊታር ተጫዋች እህት በመሆናቸው በክብር እንግድነት ተጋብዘው ነበር። ወጣት ተጫዋቾች «የደብረ ወርቅ መታጠፊያ»ን አቀረቡ። ዝምታው ላይ ሲደርሱ ሁለት መቶ የሚሆን ታዳሚ ተነሥቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ አርባ ሰባት ሴኮንድ ቆመ። ወ/ሮ ሸዋነሽ አልተነሡም። ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ የተናገሩትን ከቃለ ጉባኤው እንዳለ እናሰፍራለን፦

«ልጆቼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ዝም የምትሉባት ላይ ግን የምዘፍነው እኔ ነኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው ‹አንቺም አንድ ቦታ ግቢ› ብሎ ያስገባኝ። ቢቸና እናቴን ጠይቄ ስመለስ በዚሁ መኪና ነው የምመጣው። ተራዬ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቀንሱታል። ድምጤ አስጠልቷቸው ነው ብዬ ዝም አልሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ?»

አቶ የኔሰው ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ተነሥተው፦ «እትዬ ሸዋነሽ፣ እኔ ለደብሯ ብዬ ነው እንጂ ድምጥዎን ጠልቼ አይዶለም። ሲሰጡኝ ጊዜ አንዴ ሰምቼው ነበር፤ የሴት ድምጥ እንዳለበት ትዝ ይለኛል። ይኸው መንገዱ አስረሳኝ» ብለው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ከዚህ ቀጥሎ «ጭብጨባ» ይላል። ጭብጨባ አልነበረም።

ጥፋታችን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አለማወቅ ያስተዛዝባል እንጂ አያስወቅስም። እኛ ግን ካወቅን በኋላ መጋቢት 2014 ዓ.ም. ስብሰባ ጠርተን ዘፈኑ በቡክሌቱና በመድረክ ከነስንኞቹ ይስተካከል ወይስ ዝምታው ይቆይ ብለን ድምፅ ሰጠን። ዝምታው በዐሥራ አራት ለዐሥራ አንድ አሸነፈ። «ዝምታው የሕዝብ ሆኗል» ተባለ። «ስንኞቹ ለብቻቸው ተቀድተው በተጨማሪነት ይያዙ» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ውሳኔው ለወ/ሮ ሸዋነሽ ማኅተም በተደረገበት ደብዳቤ ደረሳቸው። አንዲት ሴት ድምፅዋ እንዲሰማ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቃ፣ እንወዳታለን የምንለው ሰዎች ዝም በይ አልናት። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

አቶ የኔሰው ውሳኔውን የሰሙት ሕክምና ላይ ሆነው ነው። በሰኔ ወር መሪውን ለተተኪያቸው ሾፌር ለአቶ ወልደ ኪዳን አስረክበው ከሥራ ሲሰናበቱ በማኅበሩ ቢሮ በኩል አለፉ። አልተቀመጡም። «መንገድ ላይ የቀነስሁትን መንገድ ላይ እመልሳለሁ። እናንተን አላስፈቅድም» ብለው ሄዱ።

መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ከቢቸና መናኸሪያ አውቶቡስ አውጥተዋል። አቶ ወልደ ኪዳን አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ወ/ሮ ሸዋነሽ በዋዜማው ከሞጣ ተጠርተው መጥተው ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ከማኅበራችን ሁለት አባላት በአጋጣሚ ተሳፍረው ስለነበር የሆነውን በጽሑፍ አስረድተዋል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አቶ የኔሰው ድምፁን አልቀነሱም፤ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚያደርጉት ቴፑን አቆሙት። አማተቡ። ተሳፋሪውም አማተበ። ደብሩን እንዳለፉ ቴፑን ከቆመበት አስነሡት።

አንድ ተሳፋሪ «ይች ደሞ ማናት?» ብሎ ጠየቀ። ወ/ሮ ሸዋነሽ «እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ የኔሰው ዘፈኑ ሲያልቅ መኪናውን ዳር አስይዘው መሪውን ለአቶ ወልደ ኪዳን ለቀቁ። ካሴቱን ከቴፑ አውጥተው ለወ/ሮ ሸዋነሽ ሰጡ። «አደራዎን ይረከቡኝ» ማለታቸውን ሁለቱ አባላት መዝግበዋል። ሁለቱም በመጋቢት ለዝምታው ድምፅ የሰጡ ነበሩ፤ በማግሥቱ ድምፃቸውን በጽሑፍ አንሥተዋል። ሌሎችም ተከተሏቸው። ማኅበሩ ኅዳር 18 ቀን ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ የመጋቢቱን ውሳኔ ያለ አንድ ተቃውሞ ሽሯል። አቶ የኔሰው ግን ይህን ሳይሰሙ ከሁለት ቀን በፊት ዐርፈው ነበር። ዘግይተናል።

ቡክሌቱ ይታረማል። ወ/ሮ ሸዋነሽ ካሴቱ እንዲባዛ ፈቅደዋል። ነገር ግን የእርሳቸው ስንኞች ከሁሉ አስቀድሞ በመንገዱ ላይ እንዲሰሙ ስለጠየቁ በዚህ መግለጫ አላሰፈርናቸውም። መስማት የሚፈልግ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሳፈር።

ማኅበራችን ለአቶ የኔሰው ባለቤት ለወ/ሮ ፀሐይነሽ፣ ለልጆቻቸው፣ በመስመሩ ላይ ላሉ ሾፌሮችና ረዳቶች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ወ/ሮ ሸዋነሽንም ከሀዘንተኞቹ እንደ አንዷ ይቆጥራል፤ ዘግይቶ የመጣ ይቅርታውንም በዚሁ ያቀርብላቸዋል። የሟቹን ነፍስ አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

በእንዲህ ያለ መግለጫ መጨረሻ ላይ አባላት ለሟቹ ክብር ለአንድ ደቂቃ በዝምታ እንዲቆሙ መጠየቅ የተለመደ ነው። እኛ አንጠይቅም፤ ዝምታውን በእርሳቸው ላይ አብዝተንባቸዋል። እስከ አርባቸው ድረስ በአውቶቡሱ ሙዚቃ አይከፈትም። ከአርባው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጠዋት አቶ ወልደ ኪዳን ካሴቱን ከወ/ሮ ሸዋነሽ ተቀብለው ከመናኸሪያው ይጀምራሉ፣ መታጠፊያው ላይ ያቆማሉ፣ ደብሩን ሲያልፉ ያስነሣሉ። አባላት በጊዜ ቦታ እንዲይዙ እናሳስባለን። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ተይዟል።