እናቲቱ የተቆረጠችበት ፊልም

ሰኞ፣ አመሻሽ። ኪሊማኒ።
ዛሬም ፊልሙን መቁረጥ። የስቱዲዮው ሰዎች በቪዲዮ ስብሰባ አዲስ ትእዛዝ ሰጡ፤ ፍንዳታ ይጨመር፣ ወሬ ይቀነስ። ወሬ የሚሉት እናቲቱን ነው። የኢስትሊ ሰፈሯ ልዕለ ጀግናችን መብረር የምትጀምረው እናቷን ፎቅ ላይ እሳት ስለከበባት ነው። እነሱ ግን እናትና ልጅ ሲያወሩ ተመልካች ይሰለቻል ባዮች ናቸው። ዳ. (ዳዊት፣ ዳይሬክተራችን) አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ። ወገቤም፣ ዓይኔም።

ረቡዕ
አለቀ። ከእናቲቱ የቀረው በር ስትዘጋ የሚታየው እጇ ብቻ። ልጅቷ አሁን የምትበረው መብረቅ መትቷት ነው። መብረቁም ያስቃል። ለምን ዝም አልክ አልኩት ዳዊትን። ጭራሽ ከሚቀር እንዲህም ሆኖ ይውጣ አለ። ዕድሜውን የጨረሰበት ፊልም ነው። ልቆጣው አቅም አጣሁ። እናቲቱን ሆነው ለሠሩት ለወ/ሮ ለተብርሃን ማን ይንገራቸው? ዳ. አልችልም አለ። እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ከወ/ሮ ለተብርሃን ቤት፣ ከሳውዝ ሲ መልስ
መንገዱ እንደ ወትሮው ዝግ። ማታቱ ታክሲው ውስጥ ቃል ስመርጥ ደረስኩ። አደይ ለተብርሃን (አደይ በቋንቋቸው እናቴ ማለት ነው) ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛን ልጅ ሆነው አስመራ ነው የተማሩት። ከእኛ ፊልም በፊት ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም። ገና ከመቀመጤ ለፊልሙ ምረቃ ያሰፉትን ቀሚስ አሳዩኝ። ተነሥቼ መሄድ አማረኝ። ነገርኳቸው።
ቀሚሱን አጣጠፉት። ከዚያ፣ «አበላሽቼ ነው?»
አይደለም፣ ከሁሉም የሚበልጠው የእርስዎ ነበር አልኩ።
«ታዲያ ምን አደረግኳቸው?»
 ከምረቃው ይቅሩ ብዬ ለመንኳቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሁሉ ጠርቼ እንዴት እቀራለሁ አሉ። ሻይ አስጠጥተው ሸኙኝ። ያ ባሰብኝ።

ቅዳሜ፣ ከምረቃው በኋላ
አዳራሹ ሙሉ። ሰው በማይሳቅበት ሳቀ። መብረቁ ሲወርድ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። አደይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊልሙ ላይ እጃቸው ብቅ ሲል አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ጎሸም አደረጓቸው። እሳቸው ንቅንቅ የለም።
መውጫው ላይ ዳ. ሊሸሽ ሲል ያዙት። ይሰድቡታል ብዬ ፈራሁ። እጁን እንደያዙ፣ «በርታ ልጄ። ልጅቷ ግን ለማን ብላ እንደምትበር አልገባኝም» አሉት።
ዳ. ሰው መሀል አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ሲደክመኝ እንባዬም ይዘገያል።

ማክሰኞ
ፊልሙን ያየ ሁሉ ይሰድበዋል። ይገባዋል። ስቱዲዮው ጥፋቱን ዳዊት ላይ ጣለው። ሁለተኛውን ክፍል ሌላ ዳይሬክተር ይሠራዋል፣ አንቺ ቁረጪልን ብለው ደወሉ። አላመነታሁም ብል ውሸት። ሌላ ሥራ የለኝም። ከሰዓቱን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ እምቢ አልኩ። ለምን ሲሉ፣ ደክሞኛል አልኩ። እውነቴን ነው።

እሑድ
ዳ. አጭር ፊልም ጽፏል። አንዲት እናት፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ ቤት። ስቱዲዮ የለ፣ ፍንዳታ የለ፤ በስልክ ነው የሚቀረጸው። አደይን ልንለምን አብረን ሄድን። እስከ መጨረሻው አዳመጡን። በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማሙ፤ በዚህኛው የሚበሩት እሳቸው ናቸው።
ዳዊት አየኝ። እንዴት እንደምናደርገው ሁለታችንም አናውቅም።
እሺ አልን።