ሦስት ቃላት አሉኝ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

የሰኞ ስብሰባ፣ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ባለው ቢሯችን። እንደተለመደው ካርድና ማርከር ታደለ። "ከሰዓት መጫወቻ ቤታችን የሚመጡት ልጆች ለምን ቀነሱ? መፍትሔውስ? ጽፋችሁ ለጥፉ" አለ አለቃችን ወንዶሰን። ሁሉም አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። እኔም አቀረቀርኩ...

ሦስት ቃላት አሉኝ። ስልጠና፣ ግንዛቤ፣ ክትትል። እንደ ሥዕል ሸምድጃቸዋለሁ፣ እጄ አይስታቸውም። ለየትኛውም ጥያቄ አንዱ መልስ ይሆናል። ዛሬ ተራው የክትትል ነበር። ለጠፍኩ። "ሺታዬ መቼም ክትትል ላይ ጠንካራ ናት" አለ ወንዶሰን። ከምሩ እኮ ነው!

ሌላ ነገር ስጽፍ ፊደሉ ይምታታብኛል፣ ሳነብ መስመሩ ይጠፋብኛል። ዲፕሎማዬን በጆሮዬ ነው የያዝኩት። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል? ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ሲደክመኝ እተወዋለሁ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ትየርኪዲ ዋልን። ጠዋት ከጋምቤላ ስንሄድ መኪና ውስጥ ሁሉም ስልኩን እያየ ይስቃል። በቡድናችን ቴሌግራም የሆነ ቀልድ ተልኳል። አንብቤ ሳልጨርስ ወሬው ያልፋል። ሲስቁ አብሬ ሳቅኩ።

ከሰዓት የልጆች መጫወቻ ቤታችን ባዶ ማለት ይቻላል። ኳሱ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ቀለሙ አለ... ልጅ የለም። ወጥቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ልጆቹ ሁሉ እዚያ! ውሃ የሚለቀቀው እኛ በምንከፍትበት ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ታናናሾቻቸውን አዝለው ወረፋ ይጠብቃሉ። እንዴት ብለው ይምጡ? ጨዋታውን ለምን ወደነሱ አንወስደውም?

ሐሳቧ ለራሴ ጣፈጠችኝ። ግን በሦስቱ ቃላት አትጻፍም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አከራዬ እትዬ ደመቀች በሬ ላይ መጡ። "የእድሩ ጸሐፊ ዝውውር ደርሶት ሄደ። አንቺ የተማርሽ ልጅ እያለሽ ምን ቸገረን?" አሉኝ። ሥራ ይበዛብኛል አልኩ። ፊታቸው ቅዝዝ አለ። "ይሁን ልጄ" ብለው ሄዱ።

እሑድ ምን ሥራ አለኝ? የኮራሁ መሰላቸው። የግቢው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበኝ። ምሳ ሲቀርብ መጥራት ትተውኛል። ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ብቻዬን በላሁ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። እሷ ያለችበት አቦቦ ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ስልጠና (የኔው ቃል!)። አሰልጣኟ ሶልያና ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። "አእምሮው ብሩህ ሆኖ ፊደል የሚምታታበት ልጅ አለ። ሰነፍ አይደለም። ዲስሌክሲያ ይባላል" አለች። ጆሮዬ ጋለ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ማንም አላየኝም፣ ማስታወሻ እየያዙ ነበር።

ስም አለው ለካ... እኔ እኮ ስሙ ድንቁርና ይመስለኝ ነበር። የአራተኛ ክፍል መምህሬ ያወጣልኝ እሱን ነበራ።

ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ አልኳት። "ትልልቅ ሰዎችም..." ብዬ ስጀምር ሰው መጣ። ተውኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ፣ እንጃ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ለኛኮንግ ሐሳቤን ነገርኳት። ስደተኛ ናት፣ እዚያው መጠለያው ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ልጆቹን አብረን ነው የምንይዘው።

"ጥሩ ነው። ሰኞ ተናገሪ።"

"ካርድ ላይ መጻፍ አለበት።"

"አንቺ አፍ የለሽም?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያኔ የፊደሉን ነገር ዘረገፍኩላት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ "እኔ አማርኛ ስናገር ትስቂያለሽ?" አለችኝ።

"ኧረ በፍጹም!"

"እኔ ግን ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። እየፈራሁ ተናገርኩ።"

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ግንዛቤ ብዬ ለጠፍኩ። ኛኮንግ ካርዴን አየችና ፊቷን አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ወንዶሰን ካርዱን ሲያድል "ዛሬ መፍትሔ ካልተገኘ የከሰዓቱ ፕሮግራም ይዘጋል" አለ። ማርከሩን ከፈትኩ። ክ... ጻፍኩና እጄ ቆመ። ቦኖው ጋ ያየኋቸው ልጆች ዓይኔ ላይ መጡብኝ። ካርዱን ገለበጥኩት። "እኔ... መጻፍ ይከብደኛል። ፊደል ይምታታብኛል። በአፌ ልናገር?" ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ወንዶሰን "ተናገሪ እንጂ" አለ። በቃ! ይቺን ነው ስንት ዓመት የፈራሁት? ሁለት ጊዜ ተደነቃቀፍኩ፣ ግን ጨረስኩት። "ረቡዕ ይሞከር" ተባለ።

መኪና ውስጥ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ የታመመ ሰው አጠገባቸው ያለ ይመስል። አንዷ ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። መስኮት መስኮቱን እያየሁ ገባሁ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ምነው አፌን በቆረጠው!

ቦኖው አጠገብ ሸራ አነጠፍን። ልጆቹ ግር ብለው መጡ፣ እልልታ ቀረሽ ሆነ። ቦታው ባዶ ጀሪካኖች የተሰለፉበት ነበር። ትንሽ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረግኳቸው። ወንዶቹ ልጆች ደግሞ አንስተው ጎል ሠሯቸው። ጀሪካኑን ለተራ ያቆሙት ሴቶች ከቤታቸው ሲመለሱ ተራው ድብልቅልቁ ወጥቷል። አንደኛዋ መጨረሻ፣ መጨረሻዋ አንደኛ... ጀሪካን ለጀሪካን ተነጣጠቁ። አንዲት እርጉዝ ሴት ጣቷን ወደ እኔ እየቀሰረች በኑዌርኛ ጮኸችብኝ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ኛኮንግ መሐል ገብታ አበረደችው። እኔ ሸራውን ጠቅልዬ ወደ መኪናው ሄድኩ። በሦስቱ ቃላት ማንም ጮኾብኝ አያውቅም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ዛሬም ልቀር ነበር። ጠዋት ኛኮንግ ደወለች። "ሐሙስ ልጆቹ ቦኖው ጋ መጥተው ጠበቁ። ዓርብም ጠበቁ። አንቺ የለሽም" አለችና ዘጋችው። ሰላምታ እንኳ የለም። ተነስቼ ለበስኩ።

ካርዱ ሲደርሰኝ አልተቀበልኩም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ጀሪካኑ እዚያ ቆመ ማለት ሴትዮዋ ቆማለች ማለት ነው። እኔ እንደ ባዶ ዕቃ ገፋሁት። ከቦኖው ማዶ ዛፍ አለ። ወረፋውን አይነካም፣ ልጆቹም ተራቸውን እያዩ ይጫወታሉ። ወደዚያ እንውሰደው።"

"የለም፣ ወደ መጫወቻ ቤቱ እንመለስ። ሰዓቱን ጠዋት እናድርገው" አለ ወንዶሰን።

"ጠዋት ትምህርት ቤት ናቸው።"

"ግማሾቹ የከሰዓት ፈረቃ ናቸው እኮ።"

"ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ግን አይደሉም! እኛ ያጣነው እነሱን ነው!"

አቋረጥኩት። እኔ! የወንዶሰን ፊት ቀላ፣ ግን "እሺ፣ በእጅ እንወስን" አለ። ለዛፉ እጅ ያወጣነው እኔና ኛኮንግ ብቻ ነን። የቀረው ሁሉ የጠዋቱን መረጠ።

ስንመለስ ወንዶሰን ከፊት ወንበር ዞሮ "አኮረፍሽ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሳቁ። "ተሳስታችኋል" አልኩ ደግሞ። ያቺ ውሃ ልስጥሽ ያለችኝ ልጅ "አንቺ ራስሽ ተሳስተሻል!" ብላ ጮኸችብኝ፣ ከመጠለያው እስከ ጋምቤላ ስንጨቃጨቅ ገባን። ማንም ድምፁን አልቀነሰልኝም።

አሁን ቤት ነኝ። ሙቀቱ አያስቀምጥም። ይሄን ሁሉ የምነግረው ሰው ዛሬም የለኝም፣ ልቤ ግን ድው ድው ይላል። አፍሬ ይሆን? እፍረትንማ አሳምሬ አውቀዋለሁ... እንደዚህ አይደለም። ይሄ ንዴት ነው። ተከራክሬ ተሸንፌ እኮ ነው! እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ተሸንፌ አላውቅም። ተናግሬ አላውቅማ።