እናቴን ያለፈቃድ ከሞት ስለማስነሳቴ

ለፍርድ ውሳኔዎች አሳታሚ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ዓይንዎም የገጽ ቁጥር ሲጠብቅ የማይደክም ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ተጠልዬ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የምጽፍ፣ ባለፈው ሳምንትም የእርስዎ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ሰው ነኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አባቴ ሲሞት ወንድሞቹ እናቴን ከቤቷ ለማስወጣት ከሰሷት፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለእሷ ፈረደ። ውሳኔውም በቅጽ አሥራ አራት ታተመ፤ ገጹን አለመጥቀሴን ልብ ይበሉልኝ። ዘንድሮ ደግሞ የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ፣ ባሏ ሞቶባት በባሏ ወንድሞች በዚያው ነገር ተከሳለች። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ከተረታች መግቢያ የላትም።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥሮቹ የራሴ ስለሆኑ አይስጉ።

አንደኛ፣ የእናቴን ውሳኔ ከአክስቴ መልስ ጋር አያይዤ ባስገባው፣ መዝገብ ቤቱ ቅጽና ገጹ ካልተጠቀሰ አልቀበልም ብሎ መለሰልኝ። ገጹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ቁጥሩ የድርጅትዎ ንብረት ስለሆነ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይጠቀስም፣ ፈቃዱም ስድስት ወር ይፈጃል ተብዬ ከድርጅትዎ ተመለስኩ። ውሳኔው የሕዝብ፣ ቁጥሩ የእርስዎ፤ ቤቱ የእኛ፣ በሩ የእርስዎ እንደ ማለት ነው። ይህን ብልሃት ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ ከውሳኔው በላይ ያለው ማጠቃለያ የድርጅትዎ የፈጠራ ሥራ መሆኑን በደብዳቤዎ አስታውሰውኛል። ከልቤ አምናለሁ። ዳኞቹ ሟች ያሉት አባቴን ሲሆን ማጠቃለያው ግን እናቴን ገድሎ አባቴን ከገዛ ወንድሞቹ ጋር ያሟግታል፤ ይህን ከእርስዎ በፊት የፈጠረ የለም።

ሦስተኛ፣ ለሌሎች ባለጉዳዮችም ይጠቅም ብዬ ውሳኔውን በእጄ ገልብጬ፣ ማጠቃለያውን አርሜ፣ በጥላዬ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው የደራሲን ሥራ ያለፈቃድ ለውጠሃል ብለው ወነጀሉኝ። እናቴን ከሞት ያስነሳሁት ሳላስፈቅድ መሆኑን አልክድም። እቤት መጥታ ምሳ ስትበላ ሳያት ተሳስቼ ነው።

አራተኛውን ልተወው ነበር፤ ግን አንጀቴ አረረ። በውሳኔው ውስጥ «ባሌን የሸኘሁት ከዚህ ቤት ነው፤ እኔም የምወጣው በዚያው መንገድ ነው» የሚል ቃል አለ። እናቴ ችሎት ፊት ቆማ እያለቀሰች የተናገረችው ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ከድርጅትዎ ማንም አልነበረም። ዛሬ ከዚያ ገጽ ግርጌ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ተብሎ ታትሟል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ሲባል የሰማሁ ቢሆንም፣ የእናቴን መብት የጠበቁላት መስሎኝ ላመሰግንዎ ተነስቼ ነበር።

የገጽ ቁጥርዎን በሩቁ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜዎ ከቅጾችዎ ብዛት እንዲልቅ ከልብ የምመኝ ታዛዥዎ፣

የአጥር ሥሩ ማመልከቻ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቅጽ አሥራ አራት የሞተችው እናቴ ሐሙስ ጠዋት ለእህቷ ምስክር ሆና ትቀርባለች። ውሳኔውን አሥራ አንድ ዓመት እያነበብኩላት ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች። ማንበብ ስለማትችል ገጹን አታውቀውም፤ ስለዚህ ከንብረትዎ አንዲት ቁጥር እንኳ አትነካም።