እንግዳ ሲመጣ ብቻ ለሚነሣው ማሽን አለቃ

ለተከበሩ ኢንጂነር ዶን ኤርሚንሱል ካይሴዶ፣
የከተማችን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ቤትዎ ከጣቢያው በላይ፣ ወንዙ ገና ንጹሕ በሆነበት በኩል ስለሆነ ጤንነትዎን አልጠራጠርም። እኛ ከጣቢያው በታች ያለን የጓዱዋል ወንዝ ዳር ነዋሪዎችም፣ አፍንጫችንን ይዘንም ቢሆን፣ አለን።

እኔ ዶርሊስ ኦባንዶ እባላለሁ። እሁድ እሁድ ቤተሰቡ ሁሉ ድስቱን ተሸክሞ ወንዝ ሲወርድ፣ ድስት ላልያዘው ሳንኮቾ የምንለውን የዶሮ ሾርባ ቀቅዬ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ዶሮውና ካሳቫው እስኪበስል ልጆች ይዋኛሉ፣ ሽማግሌዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ። ዛሬ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ። ጣቢያው በተመረቀ ጊዜ በገንዳዎቹ መካከል እያዞሩ እንዳስረዱን፣ የከተማው ቆሻሻ ውሃ በመጀመሪያው ገንዳ ረግቶ ዝቃጩን ይጥላል፤ በሁለተኛው ደግሞ ማሽን አየር ሲነፋበት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ተራብተው የቀረውን ቆሻሻ ይበሉታል፤ ወንዙ የሚቀበለው ከዚያ በኋላ የጠራውን ብቻ ነው። አየሩ ከተቋረጠ ነፍሳቱ ታፍነው ይሞታሉ ብለው ጣትዎን ቀስረው አስጠንቅቀውናል። ይህን ባይነግሩን ኖሮ፣ ማሽኑ ዝም ባለ ቁጥር ምን እየወረደልን እንደሆነ በምን እናውቅ ነበር?

ሁለተኛ፣ ስለ ማሽኑ ዕረፍት። ክፉ አሳቢ አይበሉኝና፣ ማሽኑ የሚያጓራው የክልሉ ተቆጣጣሪ ዶኛ ኑቢያ ሬንጊፎ በሚመጡበት ሳምንት ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ልብ ብሏል። መብራት ለመቆጠብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ማሽኑ እንግዳ ወዳድ ቢሆን ነው ብዬ እከራከርልዎታለሁ። እኛም ከእርስዎ ጋር መጣላት ስለማንወድ የእሁዱን ልማድ ትተን፣ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ ማሽኑ ሲጮኽ ድስት ይዘን መውረድ ለመድን። ጎረቤቴ ዶን ሊሲማኮ ደጃቸው ተቀምጠው ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ ድምፁን ሲሰሙም «ዶርሊስ፣ ምን ይጎልትሻል፣ ሴትዮዋ መጥታለች መሰለኝ፣ ድስትሽን አውጪ እንጂ» ይሉኛል።

ሦስተኛውን እየሳቅሁ አልጽፈውም። ባለፈው ወር ዶን ሊሲማኮ ጩኸት ሰምተው ጠሩን፤ ወረድን፤ የልጅ ልጄ ዩርሌዲም እንደ ልማዷ እስከ አንገቷ ገባች። ጩኸቱ ግን የአየር ማሽኑ አልነበረም፤ «ወንዛችንን እንጠብቃለን» ከሚለው ሰሌዳዎ ሥር ያለውን ሣር የሚያሳጭዱበት ማሽን ነበር። ልጅቱ በማግስቱ በትኩሳት ተቃጠለች፣ ገላዋ ቆስሎ ሐኪም ቤት ተኛች። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ፈርቻለሁም። ደጅዎ ድረስ መጥቼ ዘበኛውን ብጠይቀው «እማማ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው፣ ውሃ አይደለም» አለኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ የሰማሁት ብቸኛ እውነት ይህ ስለሆነ፣ እባክዎ ዘበኛውን ይሹሙልኝ።

ዩርሌዲ ድናለች፤ ነገር ግን ወንዙን ስታይ ከቀሚሴ ሥር ትሸጎጣለች። እናቷም እኔም ዋና የተማርነው እዚያው ነበር። ልመናዬ ትንሽ ነው፤ ተቆጣጣሪዋን የሚያከብሩትን ያህል አንዲት ሕፃንም ያክብሩ፣ ማሽኑ ለእሷም ይነሣ።

ለሣርዎ ልምላሜን፣ ለሰሌዳዎ የማይለቅ ቀለምን፣ ለራስዎም ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ የሚያወርዱልንን ሁሉ ሳልመርጥ የምቀበል ትሑት ጎረቤትዎ፣

ዶርሊስ ኦባንዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶኛ ኑቢያን በስልክ አግኝቼ፣ አንድ እሁድ ወንዝ ዳር ሳንኮቾ እንዲበሉልኝ ጋብዣቸው እሺ ብለውኛል፤ የውሃ መመርመሪያ ጠርሙሳቸውንም ይዘው ይመጣሉ። የትኛው እሁድ እንደሆነ ግን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። የታፈኑት ነፍሳት በአንድ ጀምበር ከሞት እንደማይነሡ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉና፣ ከዛሬ ቢጀምሩ ይሻልዎታል።